«ቅልጥፍና» ማለት ፍጥነት ማለት ነውን?



ባለፈው ሰሞን ከሰውነት ማጎልመሻ ሰልጣኞች አንዱ የአንድ ክፍለ ጊዜ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቶ ለአሠልጣኙ ያቀርባል። በዓላማው ሥር «ተማሪዎች ቅልጥፍናቸውን ያዳብራሉ» ይላል። በተግባሩ ሥር ደግሞ «50 ሜትር ቀጥታ ሩጫ፣ አራት ጊዜ» የሚል ሰፍሯል። ዕቅዱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ተመለሰ። «ዓላማህና ተግባርህ አይተዋወቁም» ከሚል አንድ መስመር በቀር ሌላ ማብራሪያ የለበትም። ሰልጣኙ ቅር ብሎት ለጓደኞቹ ቢያሳያቸው እነሱም በሁለት ወገን ተከፈሉ። ከፊሎቹ «ታዲያ ምን አጠፋ? ፈጥኖ የሮጠ ልጅ ቀልጣፋ አይደለም እንዴ?» ሲሉ፣ ከፊሎቹ «አይደለም» አሉ፤ ለምን እንዳልሆነ ሲጠየቁ ግን መልሱ ከእጃቸው ያመልጣል። ክርክሩ ከሜዳ ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲዞር ሰንብቶ በመጨረሻ ከዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ሥር ደረሰ። የዝግጅት ክፍሉ ልጆችም «እርስዎ የአማርኛ መምህር ነዎት፣ ይፍረዱን» አሉኝ።

ዳኛ መሆን አልፈልግም። ነገር ግን ጥያቄው የአንድ ዕቅድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ስላልታየኝ የማውቀውን ያህል ለማካፈል ይህችን ጽፌአለሁ። ለምን ከአንድ ዕቅድ በላይ እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቃሉን ከመዝገብ በፊት ከሰው አፍ እንስማው። እናት ልጇን ወደ ሱቅ ስትልክ «ቀልጠፍ በል!» ትለዋለች። ወያላው ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ተሳፋሪ «ቀልጠፍ ቀልጠፍ በሉ እንጂ!» እያለ ያጣድፋል። በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ «የተቀላጠፈ አገልግሎት እንሰጣለን» ተብሎ ተጽፎ እናያለን፤ ከዚያው ግድግዳ ሥር ወረፋ የያዘው ሰው በእጁ ባለው ማመልከቻ ላይ «ጉዳዬ እንዲቀላጠፍልኝ» ብሎ ጽፏል። (ግድግዳው የገባው ቃል ቢፈጸም ማመልከቻው ባላስፈለገ ነበር።) እንግሊዝኛ የሚችለውን ሰው «አቀላጥፎ ይናገራል» እንለዋለን። ሌባም ቢሆን ቀልጣፋ ይባላል። እንግዲህ ቃሉ ምስጋና ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሁን አንድ ሙከራ እናድርግ። «ቀልጣፋ» ባለበት ሁሉ «ፈጣን» እንተካ። ፈጣን አስተናጋጅና ቀልጣፋ አስተናጋጅ አንድ ናቸው? ፈጣኑ ሻዩን ቶሎ ያመጣል፤ ምናልባት ግማሹን በሳህኑ ላይ አፍስሶት ይሆናል። ቀልጣፋው ግን አራት ብርጭቆ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይሽሎከለካል፤ ወንበር ወደ ኋላ የገፋውን ሰው ዞር ብሎ ያልፈዋል፤ ሒሳብ የሚጠራውንም በዓይኑ ይይዛል። በተቃራኒው እንሞክረው። ጥይት ፈጣን ነው፤ ጎርፍም ፈጣን ነው። «ቀልጣፋ ጥይት»፣ «ቀልጣፋ ጎርፍ» ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ለምን? ጥይትም ጎርፍም አያዩማ! ከፊታቸው ያለውን አይተው አካሄዳቸውን አይለውጡም። ጦጣዋን ግን ተመልከቱ፤ አርባ ምንጭ የኖረ ሰው ሙዙን አንድ ቀን ሳትነጥቀው አልቀረችም። እጃችሁን ታያለች፣ ዛፉን ታያለች፣ ከሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ትለካለች፤ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ስትሉ አቅጣጫዋን ቀይራለች። ይህች ናት ቀልጣፋ።

ቋንቋችን መፍጠንን ብቻ የሚገልጹ ሌሎች ቃላት ሞልተውታል፤ ችኮላ፣ ጥድፊያ፣ ሩጫ፣ መዋከብ። እነዚህን ሁሉ አበው በምሳሌያቸው ሲነቅፏቸው እንሰማለን፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ቅልጥፍናን ሲነቅፉ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

ወደ ሥሩ እንውረድ። ቅልጥፍና ባለ አራት ፊደል ሥር ካላቸው ግሦች ከአንዱ፣ ማለትም ከቀለጠፈ የወጣ ስም ነው። እንደ ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ያሉ ትልልቅ መዝገቦች ቃላትን በግሥ ሥር ስለሚሰበስቡ፣ ሰልጣኞች «ቅ» ብላችሁ በመፈለግ አትድከሙ፤ ግሡ ዘንድ ሂዱ። ከዚሁ ግሥ «ቀልጣፋ» የሚለው ቅጽል ይወጣል፤ አወጣጡም ከጠነከረ ጠንካራ፣ ከለሰለሰ ለስላሳ፣ ከደነደነ ደንዳና እንደምንለው ነው። በቅልጥፍና መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» ደግሞ ቅድስና፣ ንጽሕና፣ ትሕትና በሚሉት የግዕዝ ቃላት የምናውቃት የረቂቅ ስም ምልክት ናት።

ከዚህ ላይ አንድ ሰልጣኝ «በውስጡ እኮ ቀለጠ የሚል ቃል አለ፤ እንደ ቅቤ መቅለጥ፣ መፍሰስ ማለት ይሆን?» ብሎኛል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይመስለኝም። ቀለጠ በሦስት ፊደል የቆመ ራሱን የቻለ ግሥ ነው፤ ቀለጠፈም በአራት ፊደል የቆመ ሌላ ግሥ ነው። በፊደል የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ ቢሆን ኖሮ ቀልጣፋና ኮልታፋ ወንድማማቾች በሆኑ ነበር፤ አንዱ ምላሱ የተፈታለት፣ ሌላው ምላሱ የተያዘበት!

ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። መሰከረ የሚለውን ግሥ እንውሰድ። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ሊመሰክር ይችላል። «ተመሳከረ» ስንል ግን ቢያንስ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ቃል ከሌላው ቃል ጋር መግጠም አለበት። «አመሳከረ» ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስተያየው ሰው ሥራ ነው። ቀለጠፈ፣ ተቀላጠፈ፣ አቀላጠፈ በዚሁ መልክ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በኔ አስተያየት «አቀላጥፎ ሠራ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ብዙ ነገሮችን እርስ በርሳቸው ሳይጋጩ አብሮ ማስኬድ የሚል ስሜት አለበት። እጅና ዓይን፣ እግርና ሐሳብ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ ንባብ ሳነሣ ያስፈልገናል።

የሰውነት ማጎልመሻ መጻሕፍት ቅልጥፍና ብለው የሚተረጉሙት የእንግሊዝኛ ቃል «አጂሊቲ» ነው። እሱም ከሩቅ የመጣ ነው። በላቲን «አጌሬ» ማለት መንዳት፣ ማድረግ ማለት ሲሆን መንዳቱ ከብት መንዳትንም ይጨምራል። ከዚህ «አጊሊስ» የሚል ቅጽል ወጣ፤ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። ስብሰባ ላይ የምንጠራው «አጀንዳ» እና በየመንገዱ ታፔላው የምናየው «ኤጀንሲ» ከዚሁ ግሥ የተወለዱ ናቸው። ከብት የነዳ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ በሬው ወደ ማሳ ሲታጠፍ ቀድሞ ያልታጠፈ እረኛ፣ ምንም ቢሮጥ፣ የሚሮጠው ከበሬው ኋላ ነው። ቃሉ ዛሬም መጓዙን አላቆመም። በየካቲት 1993 ዓ.ም. አሥራ ሰባት የኮምፒውተር ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ውስጥ ተሰብስበው፣ አስቀድሞ በተጻፈ ረጅም ዕቅድ ላይ ሙጭጭ ከማለት ይልቅ ለለውጥ ምላሽ እየሰጡ መሥራትን የሚያስቀድም መግለጫ አወጡ፤ አሠራሩንም በዚሁ ቃል «አጃይል» ብለው ሰየሙት።

ወደ ሜዳችን እንመለስ። ከአካል ብቃት ዘርፎች መካከል ፍጥነት አንድ ነው፤ ቅልጥፍና ሌላ ነው። ሁለቱ ለየብቻ የሚዘረዘሩት ዝርዝሩን ለማስረዘም አይደለም። ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ሰው ሥራው መጨመር ብቻ ነው። የሚታጠፍ ሰው ግን መጀመሪያ መቀነስ አለበት፤ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፣ እርምጃውን ያሳጥራል፣ ከሚታጠፍበት አቅጣጫ በተቃራኒ ያለውን እግሩን መሬት ላይ ይተክላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚገፋው። በጣም የሮጠ ሰው ለማቆምም በዚያው ልክ ይቸገራል። በቀጥታ ሩጫ አንደኛ የሚወጣው ልጅ በሌባና ፖሊስ ጨዋታ በአንዲት ትንሽ ልጅ ሲመለጥ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በዓለም ላይ ለረጅም ዘመን የቆየው መለኪያ የኢሊኖይ ፈተና የሚባለው ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ቦታ ይለካል። በመካከሉ አራት ምልክቶች በ3.3 ሜትር ልዩነት ይተከላሉ። ተፈታኙ በሆዱ ተኝቶ ይጀምራል፣ ይነሣል፣ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ በምልክቶቹ መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ሰዓቱ ይያዛል። ለኛ ምልክቱ ድንጋይ ቢሆንም ይበቃል። ይሁን እንጂ ይህም ራሱ በኋላ ጥያቄ ተነሥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሼፐርድና ያንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቅልጥፍናን እንደገና ሲተረጉሙ፣ ለሚታይ ወይም ለሚሰማ ምልክት ምላሽ በመስጠት መላ ሰውነት ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን በቶሎ ሲለውጥ ነው አሉ። ቁም ነገሩ ያለው «ምላሽ» በሚለው ቃል ነው። መንገዱን አስቀድሞ በቃሉ የያዘ ሯጭ አቅጣጫ መቀየር ይችላል እንጂ ገና ቅልጥፍናው አልተፈተነም፤ ምክንያቱም ያልጠበቀው ነገር አልገጠመውም።

እኛ ዘንድ ይህን በሚገባ የሚያሳይ ታሪክ አለ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ስሙ በሕዝብ አፍ ገነነ። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ «ፈጣኑ» አላለውም። አብረውት የሮጡት ሁሉ ፈጣኖች ነበሩ። ሕዝቡ ያየለት መቼ እንደሚቀይር ማወቁን ነው። በእርግጥ ሰውየው በመሮጫው እየዞረ ነው እንጂ እየተጠማዘዘ አልሮጠም፤ ስለዚህ የስፖርት ሊቃውንት ቅልጥፍና ነው ለማለት ሊያንገራግሩ ይችላሉ። የሕዝቡ ስያሜ ግን ከትርጉሙ ሩቅ አይደለም።

የስፖርት ነገር የማይጥመው ሰው ደግሞ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ ጨንቻ ይውጣና ከዶርዜ ሸማኔ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ሸማኔው ከጉድጓዱ ጠርዝ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰዷል። በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንድ እጁ መወርወሪያውን በክፍተቱ ይወረውራል፣ በሌላው ይቀበላል፤ ማጉን ወደ ራሱ ስቦ ያጠብቃል፤ እንደገና ይረግጣል። እግር፣ እጅ፣ ዓይን። «አብሮ ማስኬድ» ያልሁት ይህን ነው። ሜዳውን፣ ማለትም ጥለት የሌለበትን ነጩን ክፍል ሲሠራ መወርወሪያው ከዓይን ይፈጥናል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ይረጋል፤ ቀለም ቀለሙን ክር በጣቱ እየለየ ያስገባል። ድር ቢበጠስ ወዲያው ያቆማል፤ ቋጥሮ ይቀጥላል። ያልቆመው ሸማኔ ፈጣን ነው፤ ጋቢው ግን ቀዳዳ አለበት። በሽሮ ሜዳ ገበያ የሚዞር ሸማች ጥለቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚመለከተው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ወዳልሁት ነገር ደርሻለሁ። ሰልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ በምትሞሉት ቅጽ ላይ «አቀላጥፎ ማንበብ» የሚል ዓምድ ታገኛላችሁ። ይህ ዓምድ ነው የሚያሳስበኝ። 50 ሜትር የሮጠ ልጅ ቢበዛ ይደክመው ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት አይደርስበትም። በዚያ ዓምድ የሚጻፍ ቃል ግን ልጁን ይከተለዋል።

በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ልጆች ላይ የንባብ ጥናት ተደርጎ ነበር። ልጁ አጭር ምንባብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ ያነባል፤ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ። ከ2ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ከመቶ 34 ያህሉ ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ነገሩ አስደንጋጭ ነበረና ከዚያ ወዲህ «ቃላት በደቂቃ» የሚለው አነጋገር በየሥልጠናው ተለመደ። ጥናቱ ክፉ አልነበረም፤ ከንባቡ ቀጥሎም ስላነበበው ታሪክ ልጁን ይጠይቀው ነበር። እኛ ግን ወደ ክፍላችን ስናመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ያዝንና ጥያቄውን ጣልን።

የአማርኛ ጽሕፈት በደቂቃ ቆጠራ ብቻ አይለካም። አንደኛ፣ «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ በአምስት ቃላት ይለዋል። በእንግሊዝኛ ለወጣ የደቂቃ መጠን የኛን ልጅ ማስገደድ አምስት ጭነት በአንድ አህያ ጭኖ «ለምን ዘገየች?» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። «ልጁ ይመታል» የሚል ብጽፍላችሁ ዱላውን ያነሣው ልጁ ይሁን ዱላው ያረፈበት ልጁ፣ ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር በፊት አታውቁም። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ልጅ ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ መሄድ አለበት፤ ፊት ያለውን አይቶ ነው አሁን የሚለውን የሚለው። ይኸው ነው «ምላሽ»።

ማንበብ በጋሞኛ፣ በላቲን ፊደል ለጀመረ የጋሞ ዞን ልጅ ደግሞ ጫናው እጥፍ ነው። በዚያ ጽሕፈት የጠበቀ ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፍለታል። አማርኛ ሲከፍት ምልክቷ የለችም። ቆም ይላል። ይህ መቆም ስንፍና ነው? ሸማኔው ድር ሲበጠስ የቆመውን መቆም አስታውሱ።

ይህን የምናገረው ራሴ አጥፍቼ ስለማውቀው ነው። ሰልጣኝ ሳለሁ ለልምምድ በተመደብሁበት አንድ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ልጆችን በየተራ አስነብብ ነበር። አንዱ ልጅ በየመስመሩ ይቆማል፤ አንድ ቃል ያነብና ይመለሳል፣ አስተካክሎ እንደገና ያነባል። በቅጹ ላይ «ቅልጥፍና ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍሁበት። ከሱ ቀጥላ ያነበበችው ልጅ እንደ በረዶ አወረደችው፤ «በጣም ጥሩ» አልኋት። ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉኝ የነበሩት አንጋፋ መምህር ከክፍል ስንወጣ «ልጄ፣ ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀሃቸዋል?» አሉኝ። አልጠየቅሁም። በማግሥቱ ጠየቅሁ። ልጅቱ ጣራ ጣራውን አየች። ልጁ ግን ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከልኝ፤ እኔ ያላስተዋልሁትንም አንድ ነገር ጨመረበት።

ቅጹ ግን ሄዷል። በዚያ ትምህርት ቤት አቀማመጥ የሚደለደለው በንባብ ውጤት ነበርና በሳምንቱ ልጁ ወደ መጨረሻው ዴስክ ተዛወረ። ላስተካክል ብል «ውጤት ከገባ አይነካም» ተባልሁ። ልምምዴ ሲያልቅ እዚያው ትቼው መጣሁ። ስሙን አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ልጅቱንስ በደልኋት እንጂ ጠቀምኋት? ቶሎ ማለትን ማንበብ ነው ብላ እንድታምን አደረግኋት። ፍጥነት አያስፈልግም እያልሁ አይደለም፤ ፊደል በፊደል የሚጎተት ልጅ የመስመሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል፤ መለማመድ፣ ደጋግሞ ማንበብ አለበት። ሰዓት መያዝም ይቻላል። እኔ የምለው ሰዓቱን የያዘ መምህር ሁለት ነገር አብሮ ይያዝ ነው። ልጁ ሲሳሳት ራሱ ተመልሶ አስተካከለ ወይስ ሳያውቀው አለፈ? ካነበበ በኋላስ በራሱ ቋንቋ መተረክ ይችላል? በጋሞኛ ቢተርክ ምን ገዶን! የተረዳውን ነው የምንፈልገው። በቅጹ ላይ ዓምድ ከሌለ ዳር ላይ በእርሳስ ይጻፍ።

ዕቅዱ የተመለሰበት ሰልጣኝ ትናንት አዲስ ጽፎ አሳይቶኛል። ዓላማው «ተማሪዎች ምልክት አይተው አቅጣጫቸውን ይቀይራሉ» ይላል። ተግባሩ እንዲህ ነው፤ አምስት ድንጋይ በሜዳው ላይ ይበተናል፤ ልጆቹ ወደ መምህሩ ይሮጣሉ፤ መምህሩ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ግራ ወይም ቀኝ እጁን ያነሣል፤ ልጆቹም ወደተነሣው እጅ በኩል ታጥፈው ድንጋዩን ይነካሉ። ግርጌው ላይ በትንሹ «መምህሩ ተራ አይጠብቅ፤ ልጆቹ ይለምዱታል» የሚል ማስታወሻ ጨምሮበታል። ሐሙስ ጧት ከዕረፍት በፊት ሜዳ ላይ ይሞከራል፤ የአማርኛ ሰልጣኞችም ብትመጡ ቦታ አለ።